ቁጥር ያለው ድንጋይ

ሜይ 27፣ ማክሰኞ። 156/95

ይህን ደብተር የገዛሁት በሐኪም ትእዛዝ ነው። ዶክተሯ፣ ዕድሜዋ ልጄን ቢበልጥ በአንድ ወር ነው፣ "ጠዋትና ማታ የደም ግፊትህን ለካ፤ ቁጥሩን ጻፍ፤ ከሥሩ ያን ቀን ያስጨነቀህን ነገር ጻፍ" አለችኝ። ቀጭን ደብተር ይበቃል ብላለች። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ኖሯት አያውቅም።

ደንቡ ይሁንና ከስም ልጀምር። ዘይኑዲን እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ። ሎስ አንጀለስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው የሐበሻ ሰፈር ውስጥ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ሌላም ሌላም እሸጣለሁ። ባለቤቴ ሙጂባ ካሸር ናት፤ ከዚያ በላይ ያለውንም ሥልጣን ሁሉ እሷው ይዛዋለች። አንዲት ልጅ አለችን፤ ዩስራ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። የሰው ልጅ ነርስ ይሆናል፣ ኢንጂነር ይሆናል። የኔዋ ሁለት ዲግሪ ጭና እንግሊዝ አገር ጉድጓድ ትቆፍራለች። የጥንት ሮማውያን የጠረፍ ምሽግ ነው አሉ፤ ከተሠራ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ከፈረሰም ቆይቷል። አባቴ ሐይቅ ዳር ዕድሜውን ሙሉ መሬት ቆፍሯል፤ አንድም ቀን ዲግሪ አምጣ ያለው የለም።

ዛሬ ያስጨነቀኝ ነገር፦ ይህ ደብተር።

ሜይ 30፣ ዓርብ። 161/97

ዩስራ ደወለች። ሥራዋ ሴፕቴምበር ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ትመጣለች ተብሎ ነበር። አሁን ሦስት ዓመት ጨምሪ ብለዋታል። "አባ፣ ምን ትላለህ?" አለችኝ። "ደንበኛ መጣ፣ ኋላ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ደንበኛ በእርግጥ መጥቷል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ።

አልደወልኩላትም። ሥራ በዛ።

ጁን 8፣ እሑድ

ከአረፋ ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ቤታችን ሽማግሌ መጣ።

ሦስት ናቸው። ዋናው ጋሼ መኩሪያ ናቸው፤ የዚህ ከተማ ሐበሻ ሲጋባም ሲጣላም የሚጠራቸው ሰው። አብረዋቸው ሼህ ሁዘይፋ መጡ፤ የልጁ አጎት ናቸው። የሦስተኛውን ሰውዬ ስም እስካሁን አላወቅሁትም፤ ሥራው ራስ መነቅነቅ ነበር፤ በደንብ ሠርቷል።

"ተቀመጡ" ብላቸው እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ጋሼ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዘይኑ፣ ልጅህን ዩስራን ለልጃችን ለኢማድ ብለን መጥተናል። ኢማድን ታውቀዋለህ፤ ፋርማሲስት ነው። ቤትም ገዝቷል፣ ዌስት አዳምስ። ከቤትህ አሥር ደቂቃ ድራይቭ ነው።"

አሥር ደቂቃ።

የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ይህን ለማወቅ ሁለት ዲግሪ አያስፈልግም። ፊትህን ጨፍገግ ታደርጋለህ፤ "እናቷን ላማክር፣ ልጅቷን ልጠይቅ፣ በወሩ ተመለሱ" ትላለህ። በወሩ ሲመጡ ሌላ ወር ትጨምራለህ። ሽማግሌም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ካልተመላለሰማ ምኑን ሽማግሌ ሆነ?

አንድ ሰው "እሺ" አለ። ማን እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ ነኝ።

ጋሼ መኩሪያ ራሳቸው ደነገጡ፤ ገና የንግግራቸው መግቢያ ላይ ነበሩ። ሼህ ሁዘይፋ ግን ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ እጃቸውን አነሱ። ፋቲሓ ተቀራ፣ አሚን አልን። ጋሼ መኩሪያ ክርስቲያን ቢሆኑም የወሎ ሰው ናቸውና ከሁላችንም በላይ ጮክ ብለው አሚን አሉ። ሙጂባ ሻይ በትሪ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ልጇ ታጭታ ጠበቀቻት።

"አርባ ዓመት ሽምግልና ሄጃለሁ" አሉ ጋሼ መኩሪያ ሲወጡ። "ሻይ ሳይደርስ ያለቀልኝ ዛሬ ነው።" ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

መለኪያውን ዛሬ አላሰርኩትም።

ጁን 9፣ ሰኞ። 172/101

ሙጂባ ቀኑን ሙሉ "ሠላሳ ሁለት ዶላር ከሃምሳ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። እሱም ለደንበኛ ነው። ማታ ጋደም ካልን በኋላ፦

"ጠየቅካት?"

"እነግራታለሁ።"

"መንገርና መጠየቅ አንድ ነው?"

"ኢማድ እኮ ጥሩ ልጅ ነው።"

"ስለ ኢማድ ማን አወራ" ብላ መብራቱን አጠፋች። ይህን የምጽፈው ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ማፍሰሱን ጨርሻለሁ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ። 164/98

ኢማድ ሱቅ መጣ። አራት ጆንያ ጤፍ ከመኪና አወረደልኝ። ሳልጠይቀው መጥረጊያ አንስቶ የፈሰሰውን ጠረገ። "ጋሼ ዘይኑ፣ ሌላ የማግዝህ አለ?" አለኝ። "ጋሼ" ብሎ "አንተ" ይላል፤ የዚህ አገር ልጅ ነው። ሌላ እንከን ፈልጌ አጣሁበት። ጸጉሩ ትንሽ ሳሳ ብሏል።

"ዩስራን ታውቃት የለ?" አልኩት።

"ኦ የስ፣ የዛሬ አምስት ዓመት ለኢድ፣ ፓርክ ውስጥ ሃይ ተባብለናል።"

በቃ፣ ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

ጁን 17፣ ማክሰኞ። 168/99

ዩስራ ደወለች። የወታደሮቹን ሽንት ቤት አግኝተዋል። ስምንት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥበት ነበር፤ መጋረጃ የለውም። ድምጿ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ልጄን አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ለስምንት ሰው ሽንት ቤት ዳርኳት።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "እና... ዝናቡ እንዴት ነው?" አልኩ።

"እንግሊዝ ነው እኮ አባ። ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

"የለም።"

"ሹር ነህ?"

"ምን ይኖራል ብለሽ ነው?"

"ምንም። ጀስት ልጠይቅህ ብዬ።"

ይህቺ ልጅ ነገር መደጋገም ጀምራለች። ብርዱ ይሆናል።

ጁን 22፣ እሑድ። 169/99

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኦሊምፒክ ጎዳና ደርሷል። እንኳን ደስ አለህ። ለአንድ ኪሎ በርበሬ ሁለት እንኳን ደስ አለህ። አዳራሹ የት ነው? ስንት ሰው? በግ ነው ፍየል? የሂና ቀቢ ስልክ ቁጥር ሰጡኝ፤ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የተለያየ ቀቢ።

ጋሼ መኩሪያ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ልጅቷ ምን አለች?"

"ደስታዋን አልቻለችውም" አልኳቸው። ሳላቅማማ ነው ያልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጁን 26፣ ሐሙስ። 171/100

ሥራ በዝቷል። አልደወልኩም። ነገ እደውላለሁ።

ጁን 27፣ ዓርብ። 171/100

ነገ።

ጁላይ 2፣ ረቡዕ። 174/102

ሙጂባ ከዕቃ ክፍሉ ውስጥ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "እስካሁን አልነገረሽም?... ተይ፣ አንቺም አትጠይቂው። ራሱ ያውጣው።" ስገባ ዘጋችው። የማን ጉዳይ እንደሆነ አላጣራሁም። የሰው ወሬ ማዳመጥ ልማዴ አይደለም።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ። 178/104

ሼህ ሁዘይፋ ቀን ቆርጠው መጡ፤ ኒካው ኦገስት 30። አዳራሹ ተይዟል። "ከዚያ በፊት ግን" አሉ፣ "ፈቃዷን ከራሷ አፍ መስማት አለብኝ። ዲኑ ያለ ልጅቷ ፈቃድ አይሆንም ይላል። ስልኳን ስጠኝ።"

ሃይማኖቴን አንድ ሰው ሊያስታውሰኝ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ እንዲህ ያፈርኩበት ግን የለም። "ስልኳ ተበላሽቶባታል" አልኳቸው። "እኔው ሄጄ ቃሏን ይዤ እመጣለሁ።" ለአንድ ውሸት አምስት ሺህ ማይል ተጓዥ ሆንኩ።

ትኬት ቆረጥኩ። ሙጂባን አብረን እንሂድ ብላት "አሚን ያልከው ብቻህን ነው" አለችኝ። ሻንጣውን ግን እሷው አዘጋጀችው። በርበሬ፣ ሽሮና ስድስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ለዩስራ። ለእኔ ካልሲ አልተከተተልኝም።

ጁላይ 10፣ ሐሙስ። 170/101

ቴን ፍሪዌይ ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ቆሜ (ሁሌም ቆሜ ነው) ንግግር ስለማመድ ዋልኩ። "ዩስራዬ፣ አንድ የምሥራች አለኝ።" አይሆንም። "ዩስራ፣ አባትሽ አርጅቷል።" ይሄ ይሻላል፣ እውነትም ነው። "ዩስራ፣ ኢማድ የሚባል ልጅ ጆንያ ያወርዳል።" ከጎኔ መኪና ውስጥ ያለች ሴትዮ ብቻዬን ስለፈልፍ አይታ መስኮቷን ዘጋች።

ጁላይ 13፣ እሑድ

የግፊት መለኪያውን ረስቼው መጣሁ። በጣም አዘንኩ።

ለንደን፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በግ። ሰው አለቀ፣ በግ ቀጠለ። ዩስራ የመንደሩ ፌርማታ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች፤ ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ አለ። ስታየኝ እየሮጠች መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋትም ነበር። እንባዬ መጣና ንፋሱ ነው አልኳት።

"ምነው በድንገት?"

"ፍርስራሹን ላየው ነው።"

"አንተ? ፍርስራሽ?"

"ሰው አይለወጥም?"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ነገ ጠዋት እነግራታለሁ።

ጁላይ 14፣ ሰኞ

ፍርስራሹን ጎበኘሁ። ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ነው። ጣሪያ የለውም፣ በር የለውም፣ መስኮት የለውም። የመግቢያ ትኬት ግን አለው። "ይህ የአዛዡ ቤት ነው" ትለኛለች፤ እኔ ሣር አያለሁ። "ይህ አማልክታቸውን የሚያመልኩበት ነው።" ሣር። "ይህ ደግሞ የወታደሮቹ መኝታ ነው።" ሣርና አንዲት በግ።

ወታደሮቹ ሁሉ የሮም ሰዎች አይደሉም አለችኝ። ከሻም፣ ከሶርያ ድረስ የመጡ ነበሩ። እዚህ ንፋስ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት አገልግለው ሲጨርሱ ዜግነት ይሰጣቸዋል።

"ሃያ አምስት ዓመት?" አልኳት። "ሎየር አልነበራቸውም?"

ሳቀች። ስትስቅ እናቷን ነው። ከቤተሰብ ካልሲ ይላክላቸው እንደነበርም የሚናገር ደብዳቤ በዚህ አገር ተገኝቷል አለችኝ። ይህን ለማወቅ መቆፈር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ሙጂባን ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር።

ከዚያ ጎተራውን አሳየችኝ። ወለሉ መሬት አይነካም፤ አጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ነው የተዘረጋው። "ለምን ይመስልሃል?" አለችኝ፣ እንደ አስተማሪ።

"ይሄማ ምን ይጠየቃል? እህል መሬት ከነካ ይሻግታል። ከሥሩ ንፋስ ማለፍ አለበት። ጤፌን የእንጨት ፓሌት ላይ የምደረድረው ለምን ይመስልሻል?"

የሥራ ጓደኞቿን ጠርታ "ድገምላቸው" አለችኝ። ደገምኩ። አንድ ሽበታም እንግሊዛዊ ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ "ጤፍ" እንዴት ነው የሚጻፈው ብሎም ጠየቀኝ። ዩስራ ክንዴን ይዛ ቆማ ነበር። "ማይ ዳድ" ትላቸዋለች፣ ለመጣው ሁሉ።

ያን ነገር ለማንሳት ቀኑ አልተመቸም። ደስ ብሎን ነበር።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ቁጭ ብለን ሳንድዊች እየበላን ነገርኳት። ነገርኳት ማለት፣ ዙሪያ ጥምጥም ጀመርኩ። ኢማድ ጆንያ እንዴት እንደሚያወርድ፣ የዌስት አዳምስ ቤቶች አሠራር እንዴት ጠንካራ እንደሆነ፣ የጋሼ መኩሪያ ጉልበት እንዴት እንዳስቸገራቸው።

"አባ" አለችኝ። "አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ማማ ያንኑ ዕለት ማታ ነገረችኝ።"

አምስት ሳምንት። ስለ ሽንት ቤቱ ስታወራልኝ ታውቅ ነበር። "ሹር ነህ?" ስትለኝ ታውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው፤ እናትና ልጅ ተባብለው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበራ። በደወልኩ ቁጥር ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። ኖቲንግ።" ሳንድዊቿን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። "ኢማድ አይደለም ያናደደኝ። ኢማድ ኢዝ ፋይን። ግን እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ አባ? ለመጣው ሰው ብድግ አድርገህ የምትሰጠኝ?"

"አሥር ደቂቃ አሉኝ" አልኳት።

"ምን?"

"ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው አሉኝ። አንቺ ሦስት ዓመት ስትይ፣ በዚያው ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጋሼ መኩሪያ አሥር ደቂቃ አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።"

ይህን ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ከጥፍሯ ሥር ያለውን ጭቃ ፈቀፈቀች። ቆይታ፣ "ሜይ ላይ የደወልኩልህ ለምን ይመስልሃል?" አለች። "ኮንትራቱን አልፈረምኩም ነበር። 'ነይ' እንድትለኝ ነው የደወልኩት። አንዴ ነይ ብትለኝ እመጣ ነበር። ደንበኛ መጣ አልከኝ።"

"አሁንስ?"

"ማማ በነገረችኝ ማግስት ፈረምኩ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቅርታ ይላል። እኔ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶልኝ አያውቅም። አገራችን ግን አንደበት ላጠረው ሰው ሌላ መንገድ አለ። ጥፋተኛው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የበደለው ሰው ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ "በቃ" ብሎ እስኪያወርድለት ቀና አይልም። አባት ለልጁ ሲሸከም አላየሁም። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ድንጋይ የማይቸግርበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው። ሣሩ ላይ ከተደረደሩት አንዱን ጠፍጣፋ አነሳሁና አንገቴ ላይ ጭኜ ጎንበስ አልኩ።

ዩስራ ጮኸች። ልቧ ተነክቶ መስሎኝ ነበር።

"አባ! ቁጥር አለው! ድንጋዩ ቁጥር አለው!"

ለካ የወደቀው ግድግዳ ድንጋይ አንድ በአንድ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በተራ የተደረደረ ነው። እኔ የተሸከምኩት አራት መቶ አሥራ ሁለተኛውን ነው። አለቃዋ እየሮጠች መጣች፤ ሽበታሙም፣ ሌሎቹም። ጎንበስ ብዬ ስለነበር ጫማቸውን ብቻ ነው የማየው። ዩስራ አንድ ነገር አለቻቸው። ጫማዎቹ ባሉበት ቆሙ።

"ጋሼ መኩሪያን ማን ይነግራቸዋል?" አለችኝ።

"እኔ።"

"መቼ?"

"ስመለስ።"

ድንጋዩን አላነሳችልኝም። አንገቴ ሊበጠስ ነው።

"ዛሬ" አልኩ።

"ምን ልትላቸው ነው? ዩስራ እምቢ አለች?"

"አይደለም። ሳልጠይቃት አሚን አልኩ ነው የምላቸው። ለኢማድም ቤቱ ሄጄ እንደዚያው።"

ያኔ በሁለት እጇ አወረደችልኝ። ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። እኔም አለቀስኩ፤ ንፋስ አልነበረም። ከዚያ ከአለቃዋ ጋር ሆነን፣ ፎቶውን እያየን፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው ስንመልስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በየት በኩል ዞሮ እንደነበር እኔ ማስታወስ ነበረብኝ።

ሎስ አንጀለስ ገና አልነጋም፤ ጋሼ መኩሪያ ግን ለጸሎት ቀድመው ይነሳሉ። ዩስራ አጠገቤ ቆማ ደወልኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ "ደስታዋን አልቻለችውም" ያልኩትንም ውሸት።

"ፋቲሓ የተቀራበትን ነገር ታፈርሳለህ?"

"ለመቅራቱም የቸኮልኩት እኔ ነኝ ጋሼ።"

"በዚህ ሽበቴ ላይ ተጫወትክበት" አሉና ዘጉት።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ። 158/94

ዌስት አዳምስ ሄድኩ። የኢማድ እናት በር ላይ አቁማ ሰማችኝ፤ ግባም አላለችኝ። እውነቷን ነው። ኢማድ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። "ጋሼ ዘይኑ፣ እኔም እኮ የሰማሁት ያን ዕለት ጠዋት ነው" አለኝ። አሁንም እንከን አላገኘሁበትም።

ሱቁ ቀዝቅዟል። እንኳን ደስ አለህ ያሉኝ ሰዎች በርበሬ የሚገዙበት ሌላ ቦታ አግኝተዋል።

ጁላይ 25፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ሙጂባ ጤፍ በፌስታል እያሸገች ነበር። እስከ ዛሬ በቁርጥራጭ የነገርኳትን ዛሬ ከነድንጋዩ በሙሉ ተረኩላት። "አራት መቶ አሥራ ሁለት" ስል እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"አባቴም እኔን አልጠየቀኝም ነበር" አለች።

"አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው የተመላለሰው" አልኳት፣ ወጉ ተጠብቆ እንደነበር ላስረዳት ብዬ።

"ሦስቱንም ጊዜ ጓሮ ነበርኩ። ማንም ወደ ጓሮ አልመጣም።"

ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል። ይህን ሰምቼው አላውቅም። አንድ ፌስታል አንስቼ ሳሽግ ቆየሁ፤ አፉን እንኳ በወጉ አላሰርኩትም። መጨረሻ ላይ እንደምንም፦

"ቢጠይቁሽ ኖሮ ምን ትይ ነበር?"

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

"አሁን እየጠየቅከኝ ነው?"

"አዎ።"

"ላስብበት" አለች።

ጁላይ 28፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ሆነ። ቁርስ ታቀርባለች፣ ሱቅ ትከፍታለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ዛሬ ጠዋት በር ላይ አቁሜ "እህ?" አልኳት። "አትቸኩል" አለችኝ።

እያሰበች ነው።